የጀልባው ክስ በቅሬ ቤት

«አራት ሰዎች ናቸው እልሃለሁ» አለ ቲቸር፣ መጽሐፉን ሲሚንቶው ላይ ጣል አድርጎ። «በአንድ ስም ተደብቀው የሚጽፉ አራት ሰዎች።»

«አንድ ሰው ነው» አልኩት። «ፎቶውን እየው። በሁሉም ጀርባ ላይ ያው ሰውዬ፣ ያው ሹራብ።»

«ሹራቡን ተዋውሰውት ይሆናላ።»

ሲስተር የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። እሷ የማንንም ወገን አልያዘችም፤ የሁለታችን ድምፅ ከፍ ሲል ግን ደስ ይላታል። «እኔ የምለው» አለች፣ «አራት ቢሆኑስ አንድ ቢሆንስ፣ አንተ ምን ጎደለብህ ቲቸር? ሁሉንም አንብበህ የለ?»

«ይጎድልብኛል እንጂ። ይሄ ልጅ አንድ ሰው ነው ብሎ ካመነ እሱም ሁሉንም ልጻፍ ይላል። ጠዋት የፍቅር ግጥም፣ ቀትር ላይ ቀልድ፣ አመሻሽ ላይ ሙሾ። ገጣሚ አንድ ድምፅ ነው ያለው። ወይ ያስለቅሳል፣ ወይ ያስቃል።»

«እኔ እስካሁን አንዱንም አልቻልኩም» አልኩ፤ ሲስተር ከባልዲው ልትወድቅ ደረሰች።

ያለነው መካነ ሰላም ነው፤ የአጎቴ ሱቅ ጓዳ ውስጥ። ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሲሚንቶና ቀለም እንሸጣለን። ትምህርቴን ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ አልገፋሁትም፤ ግጥም የተማርኩት ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ነው። ቲቸር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። እኔን አላስተማረኝም፤ ከተማው ሁሉ ቲቸር ስለሚለው ግን እኔም ቲቸር እለዋለሁ። ሲስተር የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ወደኛ ከመዛወሯ በፊት ማሻ በምትባል ሌላ ከተማ ትሠራ ነበር። ሦስታችንን ያገናኘን አንድ ካርቶን ነው። ከከተማችን ዩኒቨርሲቲ የለቀቀ አንድ መምህር ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ትቶት ሄዶ፣ ከፍቶ ያየው ሰው ሳይኖር አቧራ ሲጠጣ የከረመ ካርቶን። ውስጡ የነበሩት መጻሕፍት ሁሉ የአንድ አየርላንዳዊ ናቸው፤ ዛሬም በሕይወት ያለ፣ ልቦለድም ተውኔትም የሚጽፍ ሰው። ስለ አየርላንድ የማውቀው ዝናብ እንደሚበዛባት ብቻ ነበር፤ እሱንም የነገረኝ ካርቶኑ ነው።

መጀመሪያ ቀጭኑን ልቦለድ አነበብን። ጡረታ የወጣች አንዲት አስተማሪ ክረምቱን ሙሉ መስኮት እያጸዳች ታናሽ እህቷን ትጠብቃለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ቲቸር «ምንም እኮ አልሆነም» እያለ ጨረሰው። እኔ ያነበብኩት አምና ነሐሴ ላይ ነው፤ ጉሙ በሱቁ በር ገብቶ ቆርቆሮው ላይ ሲተኛ፣ ደንበኛው ፊቱ ከመታየቱ በፊት ሳሉ ሲሰማ። ያንን መጽሐፍ ለማንበብ ከዚያ የተሻለ ወቅትና ቦታ አይገኝም። ከዚያ በኋላ እኔም ምንም የማይሆንበት ግጥም መጻፍ ጀመርኩ። አጎቴ አንዱን አንብቦ ወረቀቱን ገለበጠና «የቀረው የታለ?» አለኝ።

ቀጥሎ ወፍራሙ መጣ። ሁለት መንደሮች በአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ይጣላሉ፤ አንደኛው ጎል የአንዱ መንደር፣ መሃሉ የሌላው፣ ዳኛው ደግሞ የሁለቱም አማች ነው። ያንን መጽሐፍ ምስማር እየመዘንኩ፣ በቃሌ እየተረጎምኩ ጮክ ብዬ አነበው ነበር። አንድ ቀን ከደጎሎ የመጣ ነጋዴ ምስማሩን ረስቶ ተቀመጠ፤ ሚኒባሱ ክላክስ እስኪያደርግ ድረስ አልተነሳም።

«ይሄ ሰውዬ ደጎሎ መጥቶ ያውቃል?» አለኝ ሲወጣ።

«ኧረ የት አግኝቷት።»

«ታዲያ የኛን ሜዳ ነገር ማን ነገረው?»

በሌላ ጊዜ ሲመጣ ምስማር አልጠየቀም። ገና በሩ ላይ ቆሞ «ጎሉ ለማን ተፈረደ?» ነው ያለው።

ሦስተኛው የልጆች መጽሐፍ ነው፤ ፖስታ የምታድል፣ አድራሻ ግን የማታነብ ዳክዬ። ሲስተር ወሰደችውና ክትባት ለሚጠብቁ ሕፃናት እየተረጎመች ታነብላቸው ጀመር። ሕፃናቱ መርፌውን ሲያዩ ማልቀሳቸው አልቀረም፤ እናቶቹ ግን «ዳክዬዋ ሳታልቅ አንሄድም» ብለው አግዳሚ ወንበሩን አንለቅም አሉ። አለቃዋ ሥራ ተስተጓጎለ ብሎ ሊቆጣ መጥቶ እሱም ጥግ ይዞ አዳመጠ።

የቲቸር ክርክር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። መስኮት የምታጸዳዋን ሴት የጻፈ ሰው፣ በወፍራሙ መጽሐፍ የጳጳስ ቆብ ጎል መረብ ውስጥ የሚደብቀውን በረኛ ሊጽፍ አይችልም። በረኛውን የጻፈ ደግሞ ዳክዬ አይጽፍም። እኔ አንድ ማስረጃ ነበረኝ። በሁሉም ውስጥ አንድ የሚቀር ሰውና አንድ የሚሄድ ሰው አለ። አስተማሪዋ ትቀራለች፣ እህቷ ሄዳለች። በረኛው ይቀራል፣ አጥቂው ከተማ ይገባል። ዳክዬዋ እንኳ ትሄዳለች፣ ፖስታ ቤቱ ይቀራል።

«የሚቀርና የሚሄድ የሌለበት ቤት የት አለ?» አለኝ ቲቸር። «በዚህ አያያዝህ የመካነ ሰላምን ሕዝብ ሁሉ እሱ ጽፎታል ልትለኝ ነው።»

ሲሚንቶው ላይ የጣለው መጽሐፍ የመጨረሻው ነበር፤ ተውኔቱ። ሁለት ወንበር፣ ሁለት ሰው። ወንድም ከእናቱ ጋር ባሕር ዳርቻ ቀርቷል፤ እህት ከተማ ገብታለች። እናት ከሞተች በኋላ እህት ስትመለስ የአባታቸው ጀልባ የለም። ወንድሟ ሰባብሮ የዶሮ ቤት ሠርቶበታል። ሁለቱ በየተራ የየራሳቸውን ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን ለተመልካቹ ነው፣ እርስ በርስ አይተያዩም። መጨረሻ ላይ እህት ቦርሳዋን አንስታ ትሄዳለች። የተውኔቱ የመጨረሻ መስመር «ትወጣለች። በሩ ይዘጋል» ይላል።

እኔ ያንን ተውኔት ክረምቱን ሙሉ ተርጉሜዋለሁ። ከሱቁ ጓዳ ወጥቶ ሰው ፊት የሚቆም የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ቲቸር ረቂቁን አይቶ «ጀልባውን ተወውና በቅሎ በለው፤ እዚህ ባሕር የለም» አለኝ።

«በቅሎ ሰባብሮ የዶሮ ቤት የሚሠራ ማን አለ?» አልኩት። ጀልባው ጀልባ ሆኖ ቀረ።

የቸገረን ተውኔቱን የምናሳይበት ቦታ ነው። እንዲያው በደግነት ሊሰጠን የሚችለው አዳራሽ የሠፈራችን ቅሬ ቤት ብቻ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ የሚቀመጥበት ቤት ነው። የቅሬው ዳኛ ድሮ የቆዳ ነጋዴ የነበሩ፣ ነጭ ቆብ የሚያደርጉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ሦስታችንም ሄደን ፊታቸው ቆምን።

«ቲያትር ማለት ምንድን ነው?» አሉን።

«ጨዋታ ነው አባባ። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ» አልኩ።

«እንደኔና እንዳንተ?»

«እንደዚያው። ግን እርስ በርስ አይነጋገሩም።»

«ተኳርፈዋል?»

«ተኳርፈዋል።»

«መጨረሻ ላይ ይታረቃሉ?»

«ይታረቃሉ አባባ» አለ ቲቸር ቀድሞኝ።

«አይታረቁም» አልኩ።

ዳኛው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩና ሳቁ። «በሉ እናንተው መጀመሪያ ታረቁ» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «የዚህን ቤት ወግ ታውቁታላችሁ። እዚህ ገብቶ ተኳርፎ የወጣ ሰው የለም። ከቀብር ስንመለስ የተጣላ ካለ እዚሁ ነው የምንይዘው። ለጨዋታም ቢሆን ወጉ ወግ ነው። ቁልፉን ውሰዱ። ኩርፊያ ይዞ የወጣ ሰው ካለ ግን ቁልፉን ሁለተኛ አታዩትም። አብሽሩ፣ ቀስ ብላችሁ አስቡበት።»

ዛቻ አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ድንበር ተጣልተው እዚያ ቤት ተይዘው እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሚስቶቻቸው ምሳ ይዘውላቸው ገቡ፣ እነሱም አንድ ትሪ ላይ በልተው ወጡ።

ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ሆነ። መጨረሻውን ብቀይረው አዳራሹ የኛ ነው፤ ከዚህ በኋላ ለምናነበውም ለምንሠራውም ቤት አገኘን ማለት ነው። ባልቀይረው የመጀመሪያችን የመጨረሻችን ይሆናል። ቲቸር በልምምድ ላይ ወንድምየውን ነበር የሚጫወተው፤ በየልምምዱ እህትየዋን የምትጫወተው ሲስተር ወደ በሩ ስትሄድ «እህቴ፣ ይቅር በይኝ» የምትል ከራሱ የሆነች ነገር ጣል ያደርግባታል።

«ቲቸር፣ ያልተጻፈ አታውራ።»

«ሰው አይደለሁም እንዴ? እህቴ ስትሄድ ዝም ልበል?»

«መጽሐፉ ዝም ይላል።»

«መጽሐፉ ቅሬ ቤት ገብቶ አያውቅም።»

ሲስተር የቆርቆሮውን በር ስትዘጋው ድምፁ ብረት ድስቶቹን ሁሉ ያንቀጠቅጣቸዋል። ቆርቆሮውን የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ እንደዚያ የሚጮህ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ዋዜማው ላይ «እንደተጻፈው ነው» አልኳቸው። «ቁልፉስ?» አለች ሲስተር። ጽሑፌን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አንዷን መስመር ብለቅ ሌሎቹም ተራ በተራ ከእጄ የሚወጡ መስሎ ታየኝ እንጂ፣ ድፍረት አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት ቤቱ ሞላ። ተማሪዎች መስኮት ላይ ወጡ። ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፤ ከገጠር ለዘመድ ጥየቃ የመጡም ከዘመዶቻቸው ጋር ገቡ። የደጎሎው ሰውዬ ሳይቀር መጥቶ «ይሄ ደግሞ ያው የጎሉ ሰው ነው?» እያለ ይጠይቃል። ዳኛው ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ፊት ለፊት፣ ከበሩ መንገድ ዳር ተቀመጡ። እኔ ጽሑፉን ይዤ ከትልቁ ብረት ድስት ኋላ ተሸጎጥኩ፤ ቃል የጠፋበት ካለ ላቀብል።

ቲቸር ጀመረ። በረጋ ድምፅ፣ ሰው ፊት ላይ ሳያተኩር፣ እንደተለማመድነው። እኛ አገር ግን ሰው የልቡን እየተናገረ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። «እህ» አለ አንዱ። «እሺ፣ ከዚያስ?» አለ ሌላው። ቲቸር ደነገጠና ቃሉን ዋጠ፤ ከዚያ ለጠያቂው መለሰለት። እናቱን እንዴት እንዳስታመመ ሲናገር አንዲት አሮጊት ከኋላ «አይዞህ ልጄ፣ ዋጋህን አታጣም» አሉ። የሲስተር ተራ ደረሰና ጀልባውን አጣሁት ስትል ቤቱ በአንድነት ከንፈሩን መጠጠ።

«ጀልባ ምኑ ነው?» አለ አንድ ድምፅ።

«ያ አባይ ላይ የሚያሻግረው ነዋ።»

«በእሱ ነው የተጣሉት?»

«የአባት ነው ስትል አልሰማህም? ዝም ብለህ ስማ።»

እንዲህ እያለ መጨረሻው ደረሰ። ሲስተር ተነሳች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ወደ በሩ አመራች። ዳኛው ከተቀመጡበት ሳይነሱ ከዘራቸውን መንገዱ ላይ አጋደሙት።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ።

ሲስተር ወደ ድስቱ ዞረች። እኔ ጽሑፉን አየሁ። የዳኛው ቃል የለበትም። የማቀብላት ነገር አልነበረኝም። ተመልሳ ተቀመጠች፤ መስኮት ላይ ያሉት ተማሪዎች ሳቅ በሳቅ ሆኑ፤ ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም፣ ወንበራቸውን ወደ ሁለቱ አዙረዋል።

«አንተ» አሉ ዳኛው ቲቸርን፣ «ጀልባውን ለምን ሰበርከው?»

አለቀ አልኩ በልቤ። ቲቸር በየልምምዱ ሲለምናት የከረመውን ይቅርታ አሁን አውጥቶ ይጨርሰዋል። እሱ ግን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«አላጠፋሁም አባባ» አለ። «እናቴ ምግብ አልወርድ ብሏት፣ የምትቀምሰው እንቁላል ብቻ ነበር። ዶሮዎቹን ብርድ ፈጃቸው። እኛ አገር ነፋስ ነው፣ ዛፍ የለም። እንጨት ያለው ጀልባው ብቻ ነበር። እሱን አፍርሼ እናቴን አበላሁ። እሷ ያኔ የት ነበረች?»

ይህ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ የለም። መጽሐፉ ዶሮዎቹን አንዴ ብቻ ነው የሚያነሳቸው። ቤቱ ጉድ አለ፤ ፍርዱ ወደ ወንድም አጋደለ። እኔ ድስቱ ኋላ ሆኜ ቀናሁ፤ ያቺን የእንቁላል ነገር እኔ ባሰብኳት ኖሮ።

«አንቺስ?» አሉ ዳኛው። «ለምን አልመጣሽም?»

ሲስተር ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «መጥቼ ነበር አባባ። ስመጣ እናቴ ምንጣፍ ታነጥፍልኛለች፣ የእንግዳ ሰሃን ታወጣልኛለች። እሱ የተሰነጠቀው ሰሃን ላይ ሲበላ እኔ በአዲሱ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። እንደ ድሮው የተቀበለኝ ጀልባው ብቻ ነበር።»

ያኔ ይስቅ የነበረው ሁሉ ጸጥ አለ። ቅድም ለወንድምየው «ዋጋህን አታጣም» ያሉት አሮጊት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሽማግሌዎቹ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ተንሾካሾኩ፤ ዳኛው ቀና አሉ።

«አንተ ሳትጠይቅ አፈረስክ፤ ጥፋት ነው። አንቺ ከፍቶሽ ሳትናገሪ ቀረሽ፤ ጥፋት ነው። አንተ ወንድ ነህ፣ ትቀድማለህ። ድንጋይ ያዝ።»

አንዱ ከድስቶቹ ሥር ጉልቻ አንከባለለ። ቲቸር ክራባት አድርጎ፣ ለክብር ቀን ብቻ የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥላሸት የጠገበውን ድንጋይ ትከሻው ላይ አወጣ። ተማሪዎቹ መስኮቱን ይዘው ጮኹ። ይኼ ሰው በነጋታው ክፍል ገብቶ እንዴት ጸጥታ እንደሚያስከብር አላውቅም። እሱ ግን ከወንድምየው ቆዳ አልወጣም፤ ጎንበስ ብሎ «ይቅር በይኝ እህቴ» አለ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «አንተም ይቅር በለኝ።»

እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። እኔ እንደተሸነፍኩ ገባኝ፣ ግን መሳቄን ማቆም አልቻልኩም። ያ ቤት በአንዲት ከሰዓት በኋላ መስኮት እንደምታጸዳዋ ሴት ዝም ብሏል፣ ለበረኛው እንደሳቅነው ስቋል፣ አልቅሷልም፤ የተቀመጡት ያው ሰዎች ናቸው፣ የተጫወትነውም አንድ ተውኔት። ቲቸር ድንጋዩን ሊመልስ ወደ ድስቱ መጣና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ።

«አንድ ሰው ነው» አለኝ።

«ማን?»

«ሰውዬው። ባለ ሹራቡ።» ድንጋዩን አስቀምጦ ላቡን ሲጠርግ ግንባሩም ጠቆረ። «አንተም ጻፍ ብዬሃለሁ። የፈለግከውን ጻፍ።»

ሕዝቡ መነሳት ጀምሮ ነበር። ሲስተር ግን ቦርሳዋን አልለቀቀችም። እንደገና ወደ በሩ አመራች፤ ሰዉ ይህን አይቶ ቀስ በቀስ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ደግሞ ወዴት ነው?» አሉ ዳኛው።

«ወደ ሥራዬ አባባ። ከተማ።»

«ታርቀሽ የለም እንዴ?»

«ታርቄያለሁ። ኩርፊያ የለኝም። መኖር ግን እዚህ አልችልም። ጀልባው የለም።»

ዳኛው መንገዱ ላይ የተጋደመውን ከዘራቸውን አልለቀቁም። ሌሎቹን ሽማግሌዎች አዩ፣ ቲቸርን አዩ፣ በመጨረሻ ድስቱ ኋላ ያለሁትን እኔን አዩ። የክረምቱ ሥራዬም ቁልፉም አሁን እሳቸው አፍ ላይ ናቸው።

«እኛ የምንከለክለው ኩርፊያ ነው» አሉ፣ «መንገድ አይደለም።» ከዘራውን አነሱና መዳፋቸውን ዘረጉ። «አላህ መንገድሽን ያግራልሽ። የሄድሽበት ይቅናሽ። ወንድምሽን ደግሞ በስልክም ቢሆን ጠይቂው።»

«አሚን» አለ አንዱ ወገን፣ «አሜን» አለ ሌላው።

ሲስተር ወደ ቲቸር ተመለሰችና ኮሌታው ላይ የቀረውን ጥላሸት በእጇ አራገፈችለት። ይህንን ማንም አላለማመዳትም። ከዚያ በአግዳሚዎቹ መሃል አለፈች፤ ሰዉ ጉልበቱን እየሰበሰበ አሳለፋት። በሩን ከውጭ ሆና ቀስ አድርጋ ሳበችው፤ ቆርቆሮው መቃኑን ነካ፣ በሩም ተዘጋ።